ሳይወለዱ ኤደን የደረሱ

የመን፣ ኤደን ደርሼ መጣሁ ስል ኮምቦልቻ ያሉ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ ጦርነቱንና ሙቀቱን። ስለ ጦርነቱ የማውቀው ከእናንተ አይበልጥም። ሙቀቱን ግን ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ከማቃጠሉ ይልቅ ማስተኛቱ ይብሳል። ስምንቱን ቀን በግማሽ እንቅልፍ ነው የቆየሁት፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሕልም ሕልም ቢሸታችሁ አትፍረዱብኝ። ስሞቹና የሆነው ነገር ግን እውነት ናቸው።

በመጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ሥራዬ ኮምፒውተር ማስተማር ነው። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በየከተማው ከተበተኑ ሰዎች ጋር ያለ ክፍያ አንዲት የስልክ ፕሮግራም እንሠራለን፤ ስሟ «ደረስኩ» ነው። ከወሎ ገጠር ተነሥቶ በባሕር የሚሻገር ሰው ስልኩን መንገድ ላይ ያጣል፣ ቁጥሩም ይጠፋዋል። ኤደን ሲገባ ስሙን ለአንድ ሰው ያስመዘግባል፤ ስሙ እኛ አገር ዝርዝር ላይ ይወጣል፤ በየቀበሌው ያለ በጎ ፈቃደኛ ለቤተሰብ ያነብባል። ሐርቡ ላይ የሚያነብበው መምህር ይመር ነው። በገበያ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆምና የደረሱትን ይጠራል።

የእኔ ድርሻ ችግር ያየ ሰው የሚልከውን ሪፖርት መቀበል ነው። በዚህ ሥራ እኮራ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። «ጥሩ ሪፖርት እንዴት ይጻፋል» የሚል አራት ገጽ መመሪያም አዘጋጅቻለሁ። ነገሩ ሦስት ጥያቄ ነው፦ ምን አደረግክ? ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅክ? የሆነውስ ምንድን ነው? ይህን ያላሟላ ሪፖርት ሲመጣልኝ መመሪያውን እልክለታለሁ፤ ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ መልስ ከሌለ «በቂ መረጃ የለም» ብዬ እዘጋዋለሁ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከኤደን ይህ መጣ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኛ አልሐምዱሊላህ። ፕሮግራሙ ትንሽ ያስቸግረናል፣ አንዳንድ ስም የሚጠፋ መሰለኝ። ግድ የለም፣ ሲመቻችሁ እዩት። አላህ ይጨምርላችሁ።» ጸሐፊዋ ማዓላ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ፣ ስም የሚመዘግቡልን ኡሙ ሳሊም ናቸው። መመሪያዬን ላክሁላቸው። መልስ የለም። ጥቅምት ሲያልቅ ዘጋሁት።

ጥር ላይ መምህር ይመር ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ቤቴ ተቀመጠ። ሰዒድ እንድሪስ የሚባል የሐርቡ ልጅ ነበር። እሱ ተሳፍሮባታል የተባለች ጀልባ ሰጠመች የሚል ወሬ መጣ፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ ወሬው ታመነ፤ ኅዳር ላይ ቤተሰቡ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ሰደቃውም ወጣ። «እናቱ ወይዘሮ ከድጃ ግን እስከ ዛሬ በገበያው ቀን እየመጡ ‹ስሙን ደግመህ እየው› ይሉኛል» አለኝ ይመር። «እኔ ደግሞ ማየት ደከመኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ዝርዝሩ ይሳሳታል እንዴ?»

አይሳሳትም ልለው አፌን ስከፍት ያ የዘጋሁት መልእክት ትዝ አለኝ። ለኡሙ ሳሊም ጽፌ ስለ ሰዒድ ብጠይቃቸው የመለሱልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ና እስቲ ወንድሜ፣ እዚሁ እንነጋገራለን።»

እኛ አገር «ና እንነጋገራለን» የሚባለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ሞቶ እያለ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ነው የሚጠራው። ባለቤቴ «ለአንድ ስም ባሕር ልትሻገር?» አለችኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ለትኬቱ አዋጡ። ሄድኩ።

አንደኛ ቀን፣ ሰኞ

ከኮምቦልቻ በጠዋቱ አውቶቡስ ተነሣሁ። ጣርማበር ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም፤ ሾፌሩ በዳበሳ ነው የሄደው። ምሳ ቀድመን ደብረ ሲና በልተናል። ባለቤቴ ለኡሙ ሳሊም ሁለት ኪሎ በርበሬ ሰጥታኝ ነበር፤ እኔም የመመሪያውን ሃያ ቅጂ ይዣለሁ። ሁለቱን አንድ ሻንጣ ውስጥ መክተት የእኔ ሐሳብ ነበር።

አዲስ አበባ ፔንሲዮን ገብቼ ሻንጣውን ስከፍት ፌስታሉ ፈንድቷል። መመሪያዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልቷል። እያስነጠስኩ አንድ በአንድ አራገፍኩት፤ ቀለሙ ግን አልለቀቀም።

ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ኤርፖርት ላይ ፈታሿ ሻንጣዬን ከፍታ አፍንጫዋን ያዘች። ወረቀቱን አንሥታ አርእስቱን አነበበችና «እንዲህ የሚያቃጥል ሪፖርትስ አይቼ አላውቅም» ብላ አሳለፈችኝ። ከቤቴ ከወጣሁ መጀመሪያ የሳቅኩት ያኔ ነው።

አውሮፕላኑ ላይ ብዙም አልቆየሁም፤ አንድ እንቅልፍ እንኳ አልሞላም። ቡናማ ሜዳ አለፈ፣ ባሕር አለፈ፣ ከዚያ ጥቁር ተራሮች ከውኃው ብቅ አሉ፤ ከተማዋ በእግራቸው ሥር ተኝታለች። ኮምቦልቻም በተራራ መሐል ናት፤ የእኛዎቹ ግን ልብስ አላቸው። እነዚህ ራቁታቸውን ናቸው፤ አንድ ሣር አልበቀለባቸውም።

የኡሙ ሳሊም ባለቤት ሐጂ አቡ ሳሊም ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ። ብሬቃ በሚገኘው የነዳጅ ማጣሪያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸውን ከሚስታቸው ነው የተማሩት። «ዌልካም ኡስታዝ» ብለው ሻንጣዬን ሲቀበሉኝ አስነጠሳቸው።

ማዓላ አንድ ረጅም መንገድ ናት፤ ግራና ቀኝ እኩል ቁመት ያላቸው አሮጌ ፎቆች ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው ወደቡ ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኡሙ ሳሊም ደሴ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው የመናዊ ነጋዴ፣ እናታቸው የወረባቦ ሴት የነበሩ ናቸው። ደረጃው ላይ ቆመው የተቀበሉኝ አማርኛ ድሮ ልጅ ሳለሁ ደሴ የምሰማው ነው፤ አሁን እኛም ጋ የለም።

ዙርቢያን የሚሉትን ሩዝና ሥጋ አቀረቡልኝ፤ እርድና እርጎ ገብቶበታል። ሰርግ ቤት እንኳ እንዲህ አይቀርብም። አንድ ጉርሻ እንደዋጥኩ መታገሥ አቃተኝ።

«ኡሙ ሳሊም፣ ሰዒድ ሞቷል?» አልኳቸው።

«የቱ ሰዒድ?»

«የጻፍኩልዎት፣ የሐርቡው።»

«ያ ወንድሜ፣ ሰዒድ ብቻ ስንቱ መጥቷል! ስማቸው ከጀዋሉ ሲጠፋ መልካቸውም ከእኔ ይጠፋል። ወላሂ አላውቅም።» ጀዋል የሚሉት የእጅ ስልክን ነው።

«ታዲያ ‹ና እዚሁ እንነጋገራለን› ያሉኝ ምን ሊነግሩኝ ነው?»

ትክ ብለው አዩኝ። «እንግዳ በጀዋል ይስተናገዳል እንዴ? ብላ!» አሉ።

ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም። ሰዒድ አልሞተም ያለኝ ሰው የለም፤ ሞቷል ያለኝም የለም። ሩዙን በላሁ።

ሦስተኛ ቀን፣ ረቡዕ

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ አበባማ ጨርቅ ለብሷል። ኡሙ ሳሊም በአንድ እጃቸው እየለኩ በሌላው ስም ይመዘግባሉ። ስልካቸው ያረጀ ነው፤ የመስታወቱ ላይኛ ጥግ ተሰንጥቆ ሰዓቱ፣ ቀኑና ባትሪው የሚታይበትን ቦታ ጥቁር ነገር ሸፍኖታል። እንዲህ ያለ ስልክ ኮምቦልቻ ላይ ማንም አይዝም። እሳቸው ግን «ሰዓቱን መስጊዱ ይነግረኛል» ይላሉ።

ጠዋት ሁለት ሴቶች መጡ፤ ከባቲ ወገን ናቸው፣ ከመጡ ሦስት ቀናቸው። ኡሙ ሳሊም ውኃ ሰጥተው፣ አስቀምጠው፣ ስማቸውን ጻፉ፤ ስም ሲመዘገብ ስልኩ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። አረንጓዴው ምልክት ወጣ። ኮምቦልቻ ላለ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ፤ ሁለቱም ስም ዝርዝሩ ላይ ወጥቷል። እስከ ቀትር ድረስ ስድስት ሰው ተመዘገበ፤ ስድስቱም ደረሱ።

«የትኛው ነው የሚጠፋው?» አልኳቸው።

«አንዳንዴ ነው፣ ትንሽ። ማፊ ሙሽኪላ» አሉኝ። ችግር የለም ማለት ነው። በኤደን ይህ ቃል ለሁሉ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋም፣ ውኃ ሲቋረጥም፣ ጣሪያ ሲያፈስም ይባላል።

ከዙህር ሶላት በኋላ ከተማዋ ትተኛለች። መዝጊያው ይወርዳል፣ መኪናው ያንሳል፣ ቁራዎቹ እንኳ ዝም ይላሉ። ጨርቅ ክምር ላይ ጋደም ብዬ ሐርቡ መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል አየሁ፤ ነቅቼ መሆኑን ተኝቼ መሆኑን ዛሬም አልለየሁትም። ኅዳር ላይ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

አራተኛ ቀን፣ ሐሙስ

ዛሬም ሁሉም ስም ደረሰ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ያን ቀይ መመሪያ አውጥቼ ለኡሙ ሳሊም አነበብኩላቸው፤ እሳቸው በሻርፓቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው እንደ ጥሩ ተማሪ ሰሙኝ። ስጨርስ «ጥሩ ነው፣ ማሻአላህ» አሉ።

«ሲደርስዎት ታዲያ ለምን አልመለሱልኝም?»

ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡ። «እኔ ሰላምታ ላክሁልህ። አንተ ሰላም ሳትለኝ ምን አደረግሽ ብለህ ጠየቅኸኝ። የተቆጣህ መሰለኝ። አስቸግሬህ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

መመሪያው ውስጥ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም፤ «አላስፈላጊ ቃላት ይቀነሱ» የሚል ግን አለ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ሻሂ በወተት አስመጡልኝ፤ ሄል በዝቶበት ገና ከሩቅ ይሸታል። የእኛን ሻይ ከዚህ በኋላ እንዴት እንደምጠጣ እንጃ።

ያም ሆኖ የሰዒድ ነገር ፈቅ አላለም። ስም መጥፋቱን ካላየሁ፣ እንዴት እንደሚጠፋም የት እንደሚገባም አላውቅም። ወደ አገሬ የምመለሰው ሰኞ ነው። ለይመር «እስካሁን ምንም አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። «ለእናትየው ምን ልበላቸው?» ብሎ መለሰልኝ።

አምስተኛ ቀን፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ አቡ ሳሊም ብሬቃ ወሰዱኝ። መንገዱ ባሕሩን እየዞረ ይሄዳል፤ ውኃው ጸጥ ብሎ ወተት መስሏል። ማጣሪያው ከሩቅ ይታያል፣ አጠገቡ እሳቸው የኖሩባቸው የሠራተኛ ቤቶች አሉ። ዓሣ አጥማጆች ጋ ዓሣ ገዝተው እዚያው በፍም አስጠበሱልን። እሾሁን እየለቀሙ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፉታል። እኔ የሐይቅ ዓሣ በሊታ ነኝ እል ነበር፤ ከእንግዲህ አፌን እዘጋለሁ።

ከበላን በኋላ መመሪያዬን ከኪሳቸው አወጡ። አንዱን ቅጂ ለካ ወስደውታል። ፊደል ቆጥረዋል፣ ግን በዝግታ ነው የሚያነቡት፤ በየመስመሩ ያስነጥሳሉ።

«ይኼን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ማጣሪያው ውስጥ ሎግ ቡክ አለ። ሺፍትህ ሲያልቅ ትጽፋለህ፤ የትኛው ፓምፕ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ድምፅ አሰማ። ደህና ሳይሆን ደህና ነው ብለህ ከሄድክ የሚመጣው ሰው ይቃጠላል።»

«ልክ ነው ሐጂ።»

ባሕሩን ሲያዩ ቆዩና «እኔ ግን አንተ ስትመጣ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ» አሉ።

«እንዴት?»

«የኛ ከህረባ፣ መብራቱ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚመጣ አይተሃል። ያ ጀዋል ባትሪው አርጅቷል፤ በቀን ሁለቴ ይሞታል፣ ጥርግ ብሎ። አንተ እንግዳ ነህ። ኡሙ ሳሊም እንዳታፍር ብዬ፣ አንተ ከመጣህ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ጎረቤት ሶላር ላይ እሰካዋለሁ። ቀትር ላይም አንተ ስትተኛ እወስደዋለሁ። አንድ ቀን አልሞተም።»

«ሐጂ! ለምን አልነገሩኝም?»

«እንግዳ ፊት የሞተ ነገር ይቀመጣል?»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ሕመሙን ላይ ብዬ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ፤ እነሱ ደግሞ እንግዳ መጣ ብለው በሽተኛውን አጥበው፣ አልብሰው፣ ቁጭ አድርገው ጠበቁኝ። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራ ከእኛና ከእነሱ በቀር ያለ አይመስለኝም። እኔም እቤቴ እንግዳ ሲመጣ የሚያፈሰውን ጣሪያ በመጋረጃ እከልላለሁ።

ስድስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ስልኩን እንዲሞት ተውነው። ሱቋ ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን በሽተኛ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቅነው። ኡሙ ሳሊም «ሐራም አይሆንም?» አሉ። ከረፋዱ ላይ ብልጭ አለና ጠፋ። ሐጂ ወስደው ሰኩት፤ ሲነሣ ይዘውት መጡ። ሸበካ፣ ማለትም ኔትወርክ፣ የለም።

በሌላ ገጽ ገብቼ ስንጥቁ የሸፈነውን ቀን ፈለግኩ። ስልኩ ዛሬ የሚለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ስልክ ቀን ሲጠፋበት የሚመለስባት ቀን ይህች ናት፤ የስልክ ዘመን መቁጠሪያ ከዚያ ይጀምራል። ኔትወርክ ሲመጣ ራሱን ያርማል። እስኪመጣ ድረስ ግን ማዓላ መሐል፣ ጨርቅ ቤት ውስጥ፣ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው።

«ያኔ እኔ ደሴ የጡት ልጅ ነበርኩ» አሉ ኡሙ ሳሊም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ለሙከራ የባላቸውን ስም ጻፉ። አረንጓዴው ምልክት ወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኔትወርኩ መጣ፤ የሐጂ ስም ከዓይናችን ፊት ከዝርዝሩ ላይ ጠፋ።

«ይኸው!» አሉ ኡሙ ሳሊም፣ ብድግ ብለው። «ትንሽ ያስቸግራል ያልኩህ!»

ነገሩ ገባኝ። ስልኩ ሞቶ ሲነሣ የተጻፈ ስም በዚያች የድሮ ቀን ይመዘገባል፤ ዝርዝሩ ደግሞ የሚያሳየው የቅርቡን ዓመት ብቻ ነው፤ ስም ስንፈልግም የሚፈልገው እዚያው ውስጥ ነው። ያን ክፍል የሠራሁት እኔ አይደለሁም ብል ደስ ባለኝ። በራሴ ስልክ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረትን ከፈትኩ። ሌላ ሰው ከፍቶት አያውቅም፤ ማን ብሎ ይከፍተዋል?

ሁሉም እዚያ ነበሩ። በጣቴ ብገፋው ብገፋው አያልቅም። ፋጡማ፣ ሙሐመድ፣ ዘሀራ፣ ከማል፤ ዕድሜ ሃያ፣ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት። እናቶቻቸው እንኳ ሳይወለዱ ሁሉም በአንድ ቀን ኤደን ገብተዋል፤ ተሰልፈው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ እዚያች ቀን ላይ ቆመዋል። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን በደንብ ልነግራችሁ አልችልም። ባዶ ነው ያልኩትን ክፍል ከፍቼ ሰው ሞልቶበት ያገኘሁ ያህል ነው።

ኡሙ ሳሊም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አብረውኝ አነበቡ። ስሙ ሲመለስ መልኩም ይመለስላቸዋል፤ «ይቺ እግሯ ቆስሎ ነበር»፣ «ይኼ ሲስቅ ጥርሱ» ይላሉ። ሰዒዶች መጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ከዚያ፦ ሰዒድ እንድሪስ፣ ዕድሜ ሃያ አንድ፣ ከሐርቡ። የሚገኝበት፦ ቢር ፈድል፣ መዝረዓ።

መዝረዓ እርሻ ማለት ነው። ለይመር ልደውል ስል ሐጂ እጄን ያዙኝ። «ስም ነው ያገኘኸው» አሉ። «ሰው ስታገኝ ትደውላለህ።» ልክ ናቸው። ከተመዘገበ ወራት አልፈዋል፤ ወደ ሳዑዲ መንገድ ቀጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። የተመዘገበበትን ትክክለኛ ቀን እንኳ አናውቀውም።

ሰባተኛ ቀን፣ እሑድ

ቢር ፈድል ከሼክ ዑስማን አልፎ በስተ ሰሜን ነው። ከተማው ቀስ እያለ ያልቅና አሸዋ ይመጣል፣ ከዚያ ድንገት አረንጓዴ ይሆናል፤ ለከብት የሚታጨድ ሣርና ቲማቲም። ከመጣሁ ወዲህ አረንጓዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቦርከና ዳር የቆምኩ መሰለኝ።

ሁለት እርሻ ጠየቅን፤ የለም አሉን። ሦስተኛው ላይ ባለቤቱ «ሰዒድ አል-ሐበሺ?» ብሎ ጠራልን። ሁለት ሰዒድ መጣ፤ አንዱ የጅማ፣ አንዱ የከሚሴ። ኡሙ ሳሊም ለሁለቱም ይዘውት የመጡትን ዳቦ ሰጡ። የከሚሴው «የሐርቡው ሰዒድ ጉድጓዱ ጋ ነው፣ ውኃ እያዞረ» አለን።

ቀጭን ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በአካፋ ቦይ ይከፍታል። ኡሙ ሳሊምን እንዳየ አካፋውን ጥሎ መጣ፣ እጃቸውን ሳመ።

«እማ፣ ስሜ ደረሰ?» አለ። መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነው። «ሰው ስልክ ሲሰጠኝ እንኳ አልደወልኩም፤ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስሜ ከደረሰ ይበቃቸዋል፣ ሹጉል፣ ሥራ፣ ይዤ ሳዑዲ ስገባ ቁጥሩን አፈላልጌ እደውላለሁ ብዬ ነው።»

ኡሙ ሳሊም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ጀመርኩ፦ «ሰዒድ፣ ቤተሰቦችህ ደህና ናቸው፤ ትንሽ ብቻ...»

አቆምኩ። ትንሽ የምትለው ቃል አፌ ውስጥ ዐረረች። ይህን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።

«ሰዒድ» አልኩት፣ «ስምህን አስመዘገብክ። ይደርሳል ብለህ ጠበቅክ። አልደረሰም፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ሞተ ተብሎ ቤትህ ለቅሶ ተቀምጧል።»

ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። ውኃው በእግሩ ላይ ይሄዳል። ሁለት እጁን ነክሮ ፊቱን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ።

«እናቴስ?»

«በየገበያው ቀን ስምህን ይጠይቃሉ።»

ለይመር ደወልኩ። «አግኝቼዋለሁ፣ በሕይወት አለ፣ አጠገቤ ነው» አልኩት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ስልኩን ይዞ ወደ ወይዘሮ ከድጃ ቤት ሲሮጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሐጂ ስልኬን እያዩ «ባትሪ አለው?» ይላሉ በየደቂቃው።

ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ፣ ቀጭን፣ ጥርጣሬ የሞላው።

«ማነህ?»

«ሰዒድ ነኝ እማ።»

«የማን ሰዒድ?»

«የእንድሪስ። ያንቺ።»

«ስትወጣ በር ላይ ምን ጥለህ ሄድክ?»

«ጫማዬን። ጎማውን። መንገድ ላይ ይበጠሳል ብዬ የወንድሜን የአሊን ጫማ አድርጌ ወጣሁ።»

የሐርቡ ዶሮ ስትጮህ ቢር ፈድል ድረስ ሰማናት። ወይዘሮ ከድጃ ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን አጽድተው እንደ ዳኛ ጠየቁ።

«ባሕሩን ተሻግረህ የገባኸው መቼ ነው?»

«በጥቅምት መግቢያ እማ። በገባሁ በማግስቱ ነው ስሜን የሰጠሁት።»

«በጥቅምት?»

«አዎ።»

«እኛ ለቅሶህን የተቀመጥነው በኅዳር ነው» አሉ። ያን ጊዜ አለቀሱ።

ሰዒድ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እማ፣ አለሁ፣ አለሁ» ይላል። ኡሙ ሳሊም በሻርፓቸው ዓይናቸውን ያብሳሉ። እኔ ተነሥቼ ቦዩን ይዤ ትንሽ ራቅ አልኩ።

ስምንተኛ ቀን፣ ሰኞ

ኡሙ ሳሊም ጨርቅ ለባለቤቴ፣ ደረቅ ዓሣ ለልጆቼ ሰጡኝ። ሐጂ ያን ቀይ መመሪያ አስቀርተው የስልኩን ሎግ ቡክ በጀርባው ጀምረዋል፤ መቼ ሞተ፣ መቼ ተነሣ። ኤርፖርት በር ላይ «ሰላምታውን ጨምርበት» አሉኝ ኡሙ ሳሊም፣ መመሪያውን ማለታቸው ነው። ጨምሬበታለሁ፤ ከሦስቱ ጥያቄ በፊት አሁን «እንዴት ዋላችሁ» ይላል። የቆየው ዓመት ዝርዝርም ተከፍቷል፤ ይመር ገበያው ላይ ስሞቹን አንብቦ ለመጨረስ አንድ ቀን አልበቃውም።

አውሮፕላኑ ላይ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ያን የተዘጋ ሪፖርት እንደገና ከፈትኩትና ከኡሙ ሳሊም ሰላምታ ሥር የራሴን ሪፖርት ጻፍኩ፤ እዚያው አለ፣ የፈለገ ያነብበዋል።

ያደረግኩት፦ ጥቅምት ሲያልቅ ይህን መልእክት ዘጋሁት።

የጠበቅኩት፦ የተሻለ ሪፖርት።

የሆነው፦ ኅዳር ላይ ወይዘሮ ከድጃ በሕይወት ላለ ልጃቸው ለቅሶ ተቀመጡ።